ዓይን አይለምደውም
(በደምበጫ አካባቢ በአንድ ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፤ እንደምን አደራችሁ።

ስለ ጤና አንድ ነገር በልልን ተብዬ ነው የቆምኩት። እኔ የመጣሁት «ልጅ ቆሻሻውን ይልመደው፣ ያጠነክረዋል» የሚለውን አባባላችንን ልሟገት ነው።

ነገሩ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ሰውነት ይማራል። ጀርም ሲገባ ነጭ የደም ሴሎች ላዩ ላይ ያለውን ምልክት ይለያሉ። ሐኪሞች አንቲጂን ይሉታል። ለዚያ ምልክት የሚገጥም አንቲቦዲ ይሠራሉ። መጀመሪያ ጊዜ ሲሆን አንድ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ጀርሙ ከጠፋ በኋላም አንዳንዶቹ ሴሎች ለዓመታት ይቆያሉ። ገበያ ላይ አንዴ ያጭበረበረንን ነጋዴ መልኩን እንደማንረሳው፣ እነሱም ያንን ጀርም አይረሱትም። ኩፍኝ አንዴ የወጣለት ሰው ዳግም የማይዘው ለዚህ ነው። ክትባትም በሽታው ሳይኖር ይህንኑ ያስተምራል። በአውሮፓ ከከብት ጋር ያደጉ የገበሬ ልጆች አለርጂ ሲቀንስባቸው ታይቷል። ስለዚህ ልጁ ከጥጃው ጋር ይጫወት፣ አልከለክልም።

በዓይናርና በዝንብ የሚተላለፈው የዓይን በሽታ፣ ትራኮማ፣ ግን ሌላ ነው!

ጎጃም ያደገ ሰው ወረንጦ ያውቃል። አክስቴ ወረንጦዋን አንገቷ ላይ ነበር የምታስረው። ጠዋት ፀሐይ ላይ ትቀመጥና «ና እስቲ ንቀልልኝ» ትለኛለች። ወደ ውስጥ የዞረውን የዓይኗን ፀጉር አንድ በአንድ እነቅልላታለሁ። ዕንባዋ ይወርዳል። ጥቂት ቆይቶ መልሶ ይበቅላል። ገና ብቅ ሲል ደግሞ አጭር ነውና የባሰ ይወጋል። የምድጃ ጭስ ሲጨመርበት ተዉት። በኋላማ ሠርግ ቤት ሰው የምትለየው በድምፁ ብቻ ነበር። ልጅ ሳለች ያንን ዓይናርና ዝንብ ስንት ጊዜ ለምዳዋለች! ምን ጠቀማት?

የትራኮማ ባክቴሪያ የሚተወው መከላከያ ደካማና አጭር ነው። ልጁ ይድናል፣ ደግሞ ይይዘዋል። ሰውነቱ በታገለ ቁጥር የላይኛው የዓይን ቆብ ውስጡ ይቆጣል፣ ይጠባሰሳል። ዓመታት ሲደራረቡ ጠባሳው ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ፀጉሩ ብሌኑን ይፍቀዋል። በመጨረሻ ብርሃን ይጠፋል። ሴቶች ይበልጥ የሚጎዱትም ሕፃናቱን አቅፈው የሚውሉት እነሱ ስለሆኑ ነው።

ታዲያ የልጅ ፊት መታጠብ ቅንጦት ነው? አይደለም! ለእናቶች «ፊት እጠቡ» ብሎ መስበክ ቀላል ነው። የዚህ ግቢ ቧንቧ ግን ደርቆ ቆሟል። ልጆቻችን ከደብተር ጋር ጀሪካን ተሸክመው ይመጣሉ። በየስብሰባው «ይሠራል» ይባላል። ማን ነው የሚሠራው? መቼ? ውሃ ሳያመጡ ንጽሕና ማዘዝ እናትን መውቀስ ነው እንጂ ሥራ አይደለም! ከፊት የተቀመጣችሁ ኃላፊዎች፣ ዛሬ ቀኑን ቁረጡልን።

የቀረው አጭር ነው። የትራኮማ መድኃኒት ሲታደል ሁላችሁም ውሰዱ። የዓይን ፀጉር የተቀለበሰባት እናት ካለች ጤና ጣቢያ ውሰዷት፤ ቆቡን አደንዝዘው ይሠሩላታል፣ ያኑ ቀን ቤቷ ትገባለች። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር ይሰጣል፣ በ15 ወር ይደገማል። ሁለተኛውን አታስቀሩ።

እግዜር ይስጥልኝ።