አንባቢውን ከፌርማታው አታሳልፉት

እንደምን ናችሁ፣ ወዳጆቼ? ዛሬ ስለ ጽሑፍ እናወራለን። ጥርት ያለ አማርኛ ስለ መጻፍ።

በቅርቡ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። አንዲት እናት አጠገቤ ቆመው «ልጄ፣ እስቲ አንብብልኝ» አሉኝ። አነበብኩላቸው። ስሙት፦

«የአገልግሎት አሰጣጡን ቀልጣፋና ተደራሽ ለማድረግ የማሻሻያ ሥራዎች እየተሠሩ የሚገኙ ሲሆን በዚህም መሠረት ከዚህ ቀደም በዚህ ቢሮ ሲሰጥ የነበረው የእድሳት አገልግሎት ሥራው እስኪጠናቀቅ ድረስ ለጊዜው የማይሰጥ መሆኑን እናሳውቃለን።»

እማማ ትክ ብለው አዩኝ። «ታዲያ ዛሬ አለ ወይስ የለም?»

የለም! ነገሩ ይኸው ነው። «የማይሰጥ» የምትለው ቃል ግን 25ኛዋ ናት። ቆጥሬያታለሁ። እኚህ እናት ታክሲ ከፍለው መጥተዋል። በጣም ነው ያዘንኩት።

አማርኛ ግሡን የሚያመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ግሡ እስኪመጣ ድረስ አንባቢው ሁሉንም ተሸክሞ ይጠብቃል። እኔ ይሄን ነገር ሁሌም በሚኒባስ ታክሲ ነው የማስበው። ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይላል። ትገባላችሁ። ታክሲው ሞልቷል። ረዳቱ ግን «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይላል፤ አንድ ሰው ይጨምራል። ትንሽ ይሄድና ደግሞ «ጠጋ በሉ»። የኋላ ወንበር ላይ ተጣብቃችኋል። የአንዱ ክርን ጎናችሁ ውስጥ ነው፣ የአንዷ ዘንቢል ጭናችሁ ላይ። መስኮቱ አይታይም። የት እንደደረሳችሁ አታውቁም። «ወራጅ አለ!» ትላላችሁ፤ ሹፌሩ ዘፈኑን ከፍ አድርጎታል። ፌርማታችሁ አለፈ።

ረጅም ዓረፍተ ነገር እንዲህ ነው። እንዲህ! «ሲሆን» ብላችሁ ስትቀጥሉ፣ ጠጋ በሉ ማለታችሁ ነው። «በመሆኑም»፣ ጠጋ በሉ። «ከዚህ ጋር በተያያዘ»፣ ጠጋ በሉ። አንባቢው ደግሞ ከኋላ ወንበር «ወራጅ አለ» እያለ ነው። አራት ነጥብ ማለት ፌርማታ ነው። እባካችሁ ቁሙለት። ያ ማስታወቂያ እንዲህ ቢጻፍስ? «የእድሳት አገልግሎት ለጊዜው የለም። ሲጀመር እናሳውቃለን።» አለቀ። እማማ አንዴ ሰምተው ይገባቸው ነበር።

አሁን ወደ ሌሎቹ ምክሮች ልገባ ነበር። ግን ባለፈው ቪዲዮ ሥር አንድ ክርክር ተነስቷል፤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ግማሻችሁ «ሀ፣ ሐ፣ ኀ ድምፃቸው አንድ ነው፤ ያገኘኸውን ጻፍ» ትላላችሁ። ግማሻችሁ ደግሞ «ሠን በሰ የጻፈ አማርኛ አያውቅም»። እኔ በሁለቱም አልስማማም።

በግእዝ ፊደሉ ትርጉም ይለያል። «ሰረቀ» የሌባው ነው። «ሠረቀ» ደግሞ ወጣ ማለት ነው፣ ፀሐይ እንደምትወጣው። «ምሥራቅ» የመጣው ከዚያ ነው። «አመት» አገልጋይ ሴት ናት፤ «ዓመት» 13ቱ ወር ነው። ደስ አይልም? ሥሩን ማወቅ እንዴት ያምራል! ግን አማርኛ ስንናገር ድምፁ አንድ ሆኗል። ሠን በሰ የጻፈ ልጅ ሐሳቡ ግልጽ ከሆነ ሥራውን ሠርቷል። አታሸማቅቁት። ስንቱ ሰው በዚህ ምክንያት መጻፍ ይፈራል።

«ያገኘኸውን ጻፍ» ደግሞ አይሆንም። «ፀሐይ»ን ውሰዱ። መጀመሪያ ፀ ወይም ጸ፤ ሁለት ምርጫ። ቀጥሎ ሐ፣ ሓ፣ ሀ፣ ሃ፣ ኀ፣ ኃ፤ ስድስት ምርጫ። 12 አጻጻፍ! ለጆሮ ሁሉም አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን ፊደል ለፊደል የተለያዩ ናቸው። እዚህ «ፀሐይ»፣ እዚያ «ጸሀይ» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ በኋላ አንዱን ስትፈልጉ ሌላው ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ አንዱን ምረጡና እስከ መጨረሻው በእሱ ጻፉ። ስትጠራጠሩ መዝገበ ቃላት ክፈቱ። የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. የታተመ ነው፤ እኔ ዛሬም ከጠረጴዛዬ አላነሳውም።

ሰዓቱ ሄደብን፤ የቀረውን ቶሎ ቶሎ። መጥበቅና መላላት ፊደላችን ላይ አይታይም፤ ይሄን ታውቁታላችሁ። «ዶሮው ይበላል» ሲባል ይለቅማል ወይስ ለምሳ ይቀርባል? አንድ ቃል ጨምሩ፦ «ዶሮው ገብስ ይበላል»። «የታመመው የጎረቤቴ ልጅ» ሲባልስ በሽተኛው ማን ነው? «የጎረቤቴ ልጅ ታሟል» በሉ። «መጻሕፍት» ራሱ ብዙ ነው፤ «መጻሕፍቶች» አያስፈልግም። «ሊቃውንቶች»ም እንደዚያው። «እርሶ» ሳይሆን «እርስዎ»። «የማስተካከል ሥራ ተሠርቷል» ከማለት «አስተካክለነዋል» በሉ፤ ማን እንደሠራው ይታወቅ። በመጨረሻ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ትንፋሽ ያጠራችሁ ቦታ ላይ አራት ነጥብ አስገቡ።

ቻናሉን ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፤ የሚቀጥለው ቪዲዮ ስለ ማመልከቻ አጻጻፍ ነው። እስከዚያ በየበሩ የምታዩትን ረጅም ማስታወቂያ ኮሜንት ላይ ገልብጣችሁ አስቀምጡልኝ። አብረን እናሳጥረዋለን።