ለገጸ ባሕሪያችሁ ስም ያወጣው ማን ነው?

[ባዶ ገጽ። ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ይላል።]

ታሪኩ ጭንቅላታችሁ ውስጥ አለ። ሴትየዋ በሩን ከፍታ ስትገባ ይታያችኋል። አረማመዷን ታውቁታላችሁ፣ ድምጿንም ጭምር። ስሟስ? ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይቆማል። ወይም መጀመሪያ የመጣለትን ስም ለጥፎ ያልፋል።

ከመለጠፋችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ። ይህን ስም ያወጣላት ማን ነው?

እናንተ አይደላችሁም። በታሪኩ ዓለም ውስጥ ስም ያወጡላት ወላጆቿ ናቸው። ያኔ ገና ጨቅላ ነበረች። ሌባ ትሁን ጀግና የሚያውቅ አልነበረም። ክፉውን ሰው ገና ከስሙ ክፉ ማድረግ የማያስኬደው ለዚህ ነው። ልጇን «ጨለማ» ብላ የምትጠራ እናት የት አለች? ስም የሚነግረን ስለ ወላጆቹ ነው፤ ምን እንደተመኙ፣ ምን እንደፈሩ፣ ማንን ማስታወስ እንደፈለጉ። «ሰላም» የተባለች ልጅ ጠበኛ ሆና ስታድግ፣ በስሟና በእሷ መካከል ያለው ርቀት ራሱ ታሪክ ነው። እኔ ከሁሉም የምወደው እንዲህ ያለውን ስም ነው።

[ሁለት ዓመታት ጎን ለጎን፦ 1925 እና 1995]

ዘመኑም ከዚሁ ይመጣል። ታሪኩ በ1995 የሚካሄድ ከሆነና ሴትየዋ 70 ዓመቷ ከሆነ፣ የምትፈልጉት የ1925ን ስም ነው። ታሪካችሁ አሜሪካ ውስጥ ከሆነ ሥራው ይቀላል። የአገሪቱ የሶሻል ሴኩሪቲ አስተዳደር (የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት) ከ1880 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለተወለዱ ልጆች በብዛት የወጡ ስሞችን በየዓመቱ ዘርዝሮ አስቀምጧል። ለሌላ ቦታ የዘመኑን ጋዜጦች አገላብጡ።

[ሁለት ስሞች፦ ሳሙኤል፣ ሳምሶን]

እነዚህ ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ሲከራከሩ አንባቢው ማን ምን እንዳለ ይጠፋበታል። ዓይን ፊደል እየቆጠረ አያነብም። አንዱን ቀይሩት።

ስሙ እምቢ ካላችሁስ? ጊዜያዊ ስም ሰጥታችሁ ጻፉ። «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» የተባለውን ልብ ወለድ የጻፈችው አሜሪካዊት ማርጋሬት ሚቸል ዋና ገጸ ባሕሪዋን በረቂቋ ውስጥ ፓንሲ ነበር የምትላት። ዛሬ የምናውቃት ስካርሌት ኦሃራ የሆነችው መጽሐፉ በ1936 እ.ኤ.አ. ሊታተም ጥቂት ሲቀረው ነው። ፓንሲ የአበባ ስም ነው፣ ስካርሌት ደግሞ ደማቅ ቀይ። ከዚህ በላይ የምወድላት ግን ሌላ ነገር ነው። በታሪኩ ውስጥ ስሙ የአባቷ እናት ስም ነው። ደራሲዋ አዲሱን ስም ስታመጣ ስም አውጪውንም አብራ አመጣች።

[የኮምፒውተር ስክሪን፦ «ፈልግ» እና «ተካ»]

ስም ስትቀይሩ ኮምፒውተሩ ሁሉንም በአንዴ እንዲተካው አትፍቀዱለት። «ሰላም»ን በ«ሃና» ካስተካችሁ፣ «ሰላምታ» የሚለው ቃል «ሃናታ» ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሙሉ ቃሉን ብቻ ተካ ካላችሁት ደግሞ «የሰላም» እና «ለሰላም» ሳይነኩ ይቀራሉ፤ ሴትየዋ ምዕራፍ 4 ላይ በድሮ ስሟ ብቅ ትላለች። አንድ በአንድ እያያችሁ ተኩ። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን በየቦታው ስሟን ማን እንደጠራትና እንዴት እንደጠራት እግረ መንገዳችሁን ታያላችሁ።