ድለባው የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ነው

ምስል፦ መሀል አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ያለ ሉካንዳ ቤት፤ የተሰቀለ ሥጋ፤ ሥጋ ቆራጩ ዳቢቱን ሲገላልጥ።

ተራኪ፦ በመሀል አዲስ አበባ ሉካንዳ ቤት ገብቶ ቁርጥ የሚያዝ ደንበኛ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው ጮማውን ነው። ስቡ ነጣ ብሎ ከታየው በዋጋው ብዙም አይከራከርም፤ ቢጫ ከሆነበት ግን «የሽማግሌ በሬ ነው» ብሎ ወደሚቀጥለው ቤት ያልፋል። ፍርዱ ሁልጊዜ ትክክል ነው ማለት አይደለም፤ ከብቱ ለምለም ሣር ሲበላ ከሣሩ የሚያገኘው ቢጫ ቀለም በስቡ ውስጥ ስለሚጠራቀም፣ ወጣት ወይፈንም ቢሆን ከመስክ በቀጥታ ከታረደ ጮማው ቢጫ ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ ገበያው የሚከፍለው ለሚያየው በመሆኑ፣ በከተማዋ ዙሪያ የሚያደልብ ሰው ሰንጋውን ሦስት ወር ያህል አስሮ ይቀልባል። በዚህ ቪዲዮ የምናብራራው ስለ ሦስቱም ወራት ሳይሆን ብዙ አድላቢ ስለሚቸኩልባቸው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ነው፤ በእኛ እምነት አብዛኛው ኪሳራ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነውና።

ግዢው ላይ ብዙ አንቆይም። ዝርያው ቦረናም ይሁን ሐረር፣ አርሲም ይሁን ሆሮ፣ ለድለባ የሚመረጠው ቁመናው የተሟላ፣ ደረቱ ሰፊ ሆኖ ሥጋው ብቻ የጎደለ ከብት ነው። የከሳው በመኖ እጥረት እንጂ በበሽታ አለመሆኑን ለማረጋገጥ ዓይኑን፣ አፍንጫውን፣ ድዱንና እበቱን ማየት ያስፈልጋል። ጥርሱ ያለቀ የእርሻ በሬ በርካሽ ቢገኝም ድርቆሹን በወጉ ማኘክ ስለማይችል የበላው መኖ ሁሉ ወደ ሥጋ አይለወጥለትም።

ምስል፦ ከአይሱዙ የሚወርዱ ሰንጋዎች፤ ለብቻው የታጠረ በረት።

ተራኪ፦ ከመኪና የወረደ ሰንጋ ተጠምቷል፣ ደንግጧል፣ ከልዩ ልዩ ወረዳዎች ከመጡ ከብቶች ጋር በአንድ ገበያ ውሎም በሽታ ይዞ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አዲስ ገቢዎች ከነባሮቹ ጋር ገንዳ ሳይጋሩ ቢያንስ ለ14 ቀናት፣ ቦታ ካለ ደግሞ ለ21 ቀናት ተለይተው መቆየት አለባቸው። አፍተ ግር የተባለው የአፍና የእግር በሽታ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 14 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ በልጋግ፣ በማነከስ፣ በምላስና በሰኮና መሀል በሚወጣ ቁስል ራሱን ያሳያል። ተላላፊው የከብት ሳንባ በሽታ ግን ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ተደብቆ ስለሚቆይ፣ ጥቂት ሲራመድ የሚያስል ወይም አንገቱን ዘርግቶ ክርኖቹን ወደ ውጭ ከፍቶ የሚቆም ሰንጋ ቀኑ ስለሞላ ብቻ ወደ መንጋው አይቀላቀልም። የጤነኛ ከብት ሙቀት ከ38 እስከ 39.5 ዲግሪ ነው፤ አንድ ቴርሞሜትር ገዝቶ ጠዋት ጠዋት መለካት ዓይን የማያየውን ቀድሞ ይናገራል። ልየታን እንደ ቅንጦት የሚቆጥር ካለ፣ ከ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ የሀገሪቱን የእርሻ በሬ ፈጅቶ ክፉ ቀንን ያባባሰው ደስታ የተባለው በሽታ የገባው ከውጭ በመጡ ከብቶች እንደነበረ ያስታውስ፤ ያ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2011 (እ.ኤ.አ.) ነው።

ክትባት ሁለት ሦስት ቀን ካረፉ በኋላ ይሰጣል። የአባ ሰንጋ፣ የአባ ጎርባና የሌሎችም በሽታዎች ክትባቶች በቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ስለሚመረቱ፣ የትኛው ለአካባቢው እንደሚያስፈልግ የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም መጠየቅ ይገባል። መከላከያው በሰውነት ውስጥ የሚጠነክረው ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ በመሆኑም በተከተቡ ማግሥት ከሌሎች ጋር ማቀላቀል ትርፍ የለውም። ድንገት የሞተ፣ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም የሚወጣ ከብት አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል በምንም ምክንያት አይገፈፍም፤ በድኑ ሲከፈት ወደ አፈሩ የሚገባው የበሽታው ዘር ለበርካታ ዓመታት አይሞትም።

ምስል፦ ገንዳ፤ በአንድ በኩል ድርቆሽ፣ በሌላው በኩል በባልዲ የተለካ ፉርሽካና ፋጉሎ (የቅባት እህል ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው)።

ተራኪ፦ አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። የከብት ጨጓራ፣ ያው በዱለት የምናውቀው ጨጓራ፣ ዓይን የማያያቸው እጅግ ብዙ ተዋሕስያን የሚኖሩበትና መኖ የሚብላላበት እንደ ጠላ ጋን ያለ ዕቃ ነው። ዕድሜውን ሁሉ ጭድና ደረቅ ሣር ሲበላ የኖረ ሰንጋ በጨጓራው ያሉት ጭድ የሚፈጩት ናቸው፤ በቆሎና ፉርሽካ የሚያብላሉት ቁጥራቸው አነስተኛ ነው። ይህ ከብት በደረሰ በማግሥቱ አራትና አምስት ኪሎ የተፈጨ መኖ ቢቀርብለት በደስታ ይበላዋል፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ግን ጨጓራው በአሲድ ይሞላል፣ ጭድ የሚፈጩት ተዋሕስያን ይሞታሉ፣ ከብቱም መብላት ያቆማል። ምልክቱን ከእበቱ ማንበብ ይቻላል፦ ግራጫ፣ ቀጭን፣ አረፋ ያለውና የሚኮመጥጥ ሽታ ያለው ይሆናል። ካልሞተም ጉበቱ ይመግላል፣ ሰኮናው ይታመማል፤ ባለቤቱም «ፋጉሎው መጥፎ ነው» እያለ ነጋዴውን ሲወቅስ ይሰነብታል።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም፣ ትዕግሥት ብቻ ነው። 300 ኪሎ ለሚመዝን ሰንጋ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ድርቆሽና ንጹሕ ውሃ ብቻ እንስጠው። በ4ኛው ቀን ግማሽ ኪሎ የተቀላቀለ መኖ እንጀምርለትና በየሦስት ቀኑ ግማሽ ኪሎ ብንጨምር በ19ኛው ቀን 3 ኪሎ ላይ ይደርሳል፤ ይህም ጠዋትና ማታ ተከፍሎ፣ ድርቆሹ ቀድሞ ከቀረበ በኋላ ይሰጣል። ረጅም ጭራሮ ያለው ድርቆሽ እንዲያመሰኳ ያስገድደዋል፣ ሲያመሰኳ የሚያመነጨው ምራቅ ደግሞ አሲዱን ያበርዳል፤ ስለዚህ በዕረፍት ሰዓት በረቱን ተዘዋውሮ ሲመለከት ከተኙት ውስጥ ከግማሽ በላይ የማያመሰኩ ከሆነ አድላቢው ጭማሪውን አቁሞ ድርቆሹን ያብዛ። ለ100 ኪሎ ቅልቅል 60 ኪሎ ፉርሽካ፣ 30 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ፣ 8 ኪሎ የተፈጨ በቆሎ፣ 1 ኪሎ ጨውና 1 ኪሎ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ጥሩ መነሻ ነው። የኖራ ድንጋዩን ብዙዎች ይተዉታል፤ ፉርሽካ ግን ፎስፎረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ጥቂት በመሆኑ በተኮላሸ ሰንጋ ላይ የሽንት ጠጠር ያስከትላል። ጅራቱን እያወዛወዘ የሚያምጥ፣ ሆዱን በእግሩ የሚመታ፣ ሽንቱ ጠብ ጠብ የሚል ሰንጋ ሲታይ ሐኪም ሳይውል ሳያድር መጠራት አለበት።

ውሃ ደግሞ ሁልጊዜ ከፊቱ አይጥፋ። የሻገተ ፋጉሎ መርዝ ሊኖረው ስለሚችል ርካሽ ነው ተብሎ አይገዛም። ድርቆሹ በሽቦ የታሰረ ከሆነ ሽቦው ሳይቆራረጥ ሙሉውን አውጥቶ ማስወገድ ይገባል፤ አንዲት ቁራጭ ከጨጓራው አልፋ ልብን የምትወጋበት አጋጣሚ የተለመደ ነው።

ምስል፦ ረግረጋማ መስክ፤ የታጠረ ሣር።

ተራኪ፦ መስክ ያለው አድላቢ ሌላም ኃላፊነት አለበት። የጉበት ትል የሚዛመተው በረግረግ በሚኖር ቀንድ አውጣ አማካይነት ስለሆነ፣ በጋው ገፍቶ ከብቶቹ ሣር ፍለጋ ወደ ውሃ ዳር ሲወርዱ ይያዛሉ፤ በቄራ የሚጣለው ብዙ ጉበት የዚህ ውጤት ነው። ረግረጉን አጥሮ ውሃውን በገንዳ ማቅረብ ከመድኃኒት ይቀድማል። መድኃኒቱም ቢሆን ይለያያል፦ አልቤንዳዞል ያደገውን ትል ብቻ ሲገድል ትሪክላቤንዳዞል ታዳጊውንም ይገድላል። ኮሶ ደግሞ ከሰው ወደ መስክ፣ ከመስክ ወደ ከብት፣ ከከብቱ በጥሬ ሥጋ ተመልሶ ወደ ሰው የሚዞር በመሆኑ ለእረኞችና ለበረት ሠራተኞች መጸዳጃ ቤት መሥራት የከብት ጤና ሥራ አካል ነው። ሣሩን ለድርቆሽ ማጨድ የሚሻለው አበባ ሲይዝ፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ነው፤ እስከ ታኅሣሥ የቆየ ሣር ክምሩ ቢተልቅም ከጭድ ብዙም አይሻልም።

ጊዜውን በተመለከተ፦ ዐቢይ ጾም 55 ቀናት ስለሆነ፣ ለፋሲካ የሚደርስ የ90 ቀን ድለባ ጾሙ ከመግባቱ አምስት ሳምንት ቀድሞ መጀመር አለበት። ጾሙ ከገባ በኋላ ከብት ረከሰ ብሎ የሚገዛ ሰው ቀኑ ስለሚያጥረው መኖውን በአንድ ጊዜ ለመጨመር ይገፋፋል፤ ከላይ ያየነው በጨጓራ አሲድ የሚመጣው በሽታም በብዛት የሚታየው በእንዲህ ዓይነቱ በረት ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው የምንመክረው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ላለው የሠርግ ገበያ እንዲያቅድ ነው።

በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የተሰጠ መርፌም ሆነ የትል መድኃኒት ከየትኛው ቀን በኋላ እንደሚታረድ በመያዣው ላይ ስለሚጻፍ፣ የተሰጠበት ቀን ከሰንጋው ምልክት ጋር በደብተር ይመዝገብ። በጭነት ዕለት ከብቱን በዱላ መምታት የደም መቋጠርን ያመጣል፣ የተቋጠረውም ቦታ ከታረደ በኋላ ተቆርጦ ይጣላል። የደከመና የደነገጠ ሰንጋ ሥጋውም ስለሚጠቁር ከጭነቱ በፊት ውሃ ጠጥቶ፣ ከወረደ በኋላም ቢያንስ አንድ ሌሊት አርፎ መታረድ አለበት።