አሥራ ስምንት ቀን ተኩል

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ አንድ ስሌት ላወራችሁ ነው።

ወንድሜ ፎቶ ቤት አለው። የደንበኞቹ የሰርግ፣ የክርስትና፣ የምርቃት ፎቶ በሙሉ ክላውድ ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት በኩል በሌላ ድርጅት ኮምፒውተር ላይ ነው ያለው። 2 ቴራባይት ይሆናል። እጁ ላይ የቀረ ሌላ ቅጂ የለም። እሁድ ቡና እየጠጣን «ድርጅቱ ቢዘጋስ?» አልኩት። «አወርደዋለኋ!» አለኝ።

ስልኬን አውጥቼ አሰላሁት። የሱቁ ኢንተርኔት ፍጥነት በሰከንድ 10 ሜጋቢት ነው። ለአንድ ሰከንድ እንኳ ሳይቋረጥ ቢያወርድ 18 ቀን ተኩል ይፈጃል። መብራት ካልጠፋ ነው እንግዲህ። ወንድሜ ስኒውን አስቀመጠና ዝም አለ።

ሟርት እንዳይመስላችሁ። ሳንዲያጎ ውስጥ ኒርቫኒክስ የሚባል የክላውድ ማከማቻ ድርጅት ነበር። ትልቁ የኮምፒውተር ኩባንያ አይቢኤም ሳይቀር አብሮት ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2013 ደንበኞቹን «በሁለት ሳምንት ውስጥ ዳታችሁን አውጡ» አላቸው። ቀኑ በኋላ እስከ ኦክቶበር 15 ተራዘመ። ግን ሁሉም በአንዴ ለማውረድ ሲሻማ መስመሩ ምን ያህል እንደሚጨናነቅ አስቡት።

ይበልጥ ያንገበገበኝ ግን የእንግሊዙ ነው። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ቱ ኢ ቱ (2e2) የተባለ የኮምፒውተር አገልግሎት ድርጅት ከሰረ። የተረከቡት የኪሳራ አስተዳዳሪዎች ዳታ ሴንተሩ፣ ማለትም የደንበኞቹ ሰነድ ያለበት የኮምፒውተር ማዕከል፣ እንዳይዘጋ ደንበኞቹን ገንዘብ ጠየቁ። ከትንንሾቹ 4,000 ፓውንድ፣ ከትልልቆቹ 40,000። የገዛ ንብረትህን ለማግኘት ማለት ነው! ሰነድህ ሰው እጅ ላይ እያለ ደግሞ ምን ብለህ ትከራከራለህ?

ፎቶ እንኳ ይሻላል፤ የትም ይከፈታል። የሂሳብ መዝገባችሁ በኦንላይን ሶፍትዌር ላይ ከሆነ ግን ማውረዱ ብቻ አይበቃም። ሶፍትዌሩ ከሌለ የማይከፈት ፋይል ምን ይሠራል? ወደ ኤክሴል አውጡና ራሳችሁ ከፍታችሁ እዩት። ደረሰኞቹ፣ ቀኖቹ፣ የደንበኞቹ ስም በትክክል መውጣታቸውን አረጋግጡ። ውል ስትፈርሙም «ብትዘጉ ስንት ቀን ትሰጡናላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የዓመቱን ሂሳብ አስቀድማችሁ ባትከፍሉም ደስ ይለኛል። ድርጅቱ ከከሰረ ያንን ብር ለማስመለስ ድርጅቱ ዕዳ ካለባቸው ሌሎች ገንዘብ ጠያቂዎች ጋር መሰለፍ ነው።

ወንድሜ ሰኞ ዕለት ሁለት ሃርድ ዲስክ ገዛ። አንዱ ሱቅ ይቀመጣል፣ ሌላው እማዬ ቤት፣ ቁም ሳጥኗ ውስጥ። ትናንት ማታ ደወለልኝ። ማውረድ በጀመረ በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፍቶበታል። ከቆመበት ቀጥሏል።