እሷ እኮ አትክድም

እሺ። እየቀዳ ነው መሰለኝ። አዎ፣ ቀይዋ በርታለች።

እንደምን አመሻችሁ። የምትሰሙት ዝናቡ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ምንም ላደርገው አልችልም። ልደታ ከትናንት ጀምሮ እንዲህ እየወረደባት ነው። ጳጉሜን ነው፣ ይዝነብ። እቴቴ ብትኖር «የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው» ብላ የግቢውን ልጅ ሁሉ አውጥታ ታስመታው ነበር።

ለዛሬ ያሰብኩት ሌላ ነበር። «የአዲስ ዓመት እቅድሽን ንገሪን» ያላችሁኝ አላችሁ። ለሕግ ተመራቂዎች መውጫ ፈተና፣ ለኤግዚት፣ የምትዘጋጁ ደግሞ «እንዴት እናንብብ» እያላችሁ ስልኬን አጨናንቃችሁታል። ሁለቱንም አንድ ላይ ልመልስ ብዬ ማስታወሻ ይዤ ነበር። ይኸው ፊቴ ተዘርግቷል። ግን አንድ ነገር አለ። ወር አልፎታል። እሱን ሳልናገር ሌላው ከአፌ አልወጣ አለኝ።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። ፍርድ ቤት ለክረምት ሊዘጋ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ያን ሰሞን ልደታን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰው ሁሉ «ሳይዘጋ» እያለ ይሮጣል። መዝገብ ቤት ሰልፍ፣ ራፖር ጸሐፊዎቹ ጋ ሰልፍ። እኔ የአራት ሰዓት ቀጠሮ ነበረኝ። ለአራት ሩብ ጉዳይ ላይ ደረጃው ሥር ቆሜያለሁ። ዝናብ ነው። አረንጓዴው ጃንጥላዬ፣ አዎ እሱ፣ ያን ቀን አብሮኝ ነበር።

አንዲት እናት መጡ። አጠር ያሉ ናቸው። ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገዋል፣ ነጠላው ርሷል። ካባዬን ክንዴ ላይ አይተው ነው መሰለኝ፣

«ልጄ፣ ጠበቃ ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

«ገንዘብ አበድሬ ነበር። እቁብ ደርሶኝ ለጎረቤቴ ሰጠኋት። 30 ሺህ ብር። ሁለት ዓመት ሆነው። ብከሳት ያዋጣኛል?»

እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኩ። «የተፈራረማችሁት ወረቀት አለ?»

«ኧረ የምን መፈራረም፣ በመተማመን ነው። ሰዉ ግን ያውቃል፣ ቡና ላይ ነው የቆጠርኩላት።»

«እማማ፣ ከ500 ብር በላይ ብድር በሰው ምስክር አይረዳም። በጽሑፍ ካልሆነ አይሆንም» አልኳቸው።

አለቀ። ይኸው ነው ያልኩት።

«እሺ ልጄ። ያሰብሽው ይሳካልሽ፣ ተባረኪ» ብለው መረቁኝ። መረቁኝ እኮ። ከዚያ ወደ ባቡሩ ፌርማታ ወረዱ። እኔ ደረጃውን ወጣሁ። ሁሉ ነገር ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ላይ ደርሼ ሰዓቴን ሳይ ገና አሥር ደቂቃ ነበረኝ። አሥሩን ደቂቃ ኮሪደር ላይ ቆሜ ስልኬን ስነካካ አሳለፍኩት።

በሳምንቱ አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ ነበር። አብርሆት በ2014 ከተከፈተ ወዲህ ቢሮዬ በሉት። ለሌላ ጉዳይ ፍትሐ ብሔር ሕጉን እየገለጥኩ ነው። አንቀጽ 2472 ላይ ደረስኩ። የብድሩ ገንዘብ ከ500 ብር በላይ ከሆነ ማስረዳት የሚቻለው በጽሑፍ ነው። እዚህ ድረስ የነገርኳቸው ነው። ከዚያ «ወይም» ይላል። ወይም ፍርድ ቤት ቀርቦ በተሰጠ የእምነት ቃል፣ ወይም በመሐላ።

ወይም።

ይህን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ፣ ጽፌዋለሁ። ያን ቀን ደረጃው ሥር ግን ግማሹ ብቻ ነው የመጣልኝ። ግማሽ አንቀጽ ሰጥቻቸው ሄድኩ።

ስለ 500 ብሩም አንድ ነገር ልበል። ሕጉ የወጣው በ1952 ነው። ያኔ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ያን ያህል የሚያበድር ሰው ጸሐፊ ፈልጎ ውል ቢጽፍ አይገርምም። ዛሬ ሜክሲኮ አካባቢ ሁለት ሰው ምሳ በልቶበት ስንት ይተርፋል? ቁጥሩ ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ ዛሬ ጎረቤት ለጎረቤት የሚያበድረው ገንዘብ ሁሉ ማለት ይቻላል እዚህ አንቀጽ ውስጥ ይገባል። ለቅሶ ደርሶባት የተበደረች፣ ለልጇ ትምህርት ቤት የተበደረች፣ ሁሉም። ይህ ቁጥር መነሳት አለበት ብዬ አምናለሁ። ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።

እና «እንዴት እናንብብ» ላላችሁ መልሴ ከዚህ ይጀምራል። ሕግ የተማርነው በእንግሊዝኛ ነው። ችሎት የምንቆመው በአማርኛ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ረኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ አረቀቀው፣ ለእኛ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ወጣ። 3,367 አንቀጽ ነው። ግቢ ውስጥ ያን ሁሉ የሚያነብ የለም፣ ሐንድአውት ነው የሚቸከለው። ሐንድአውቱ አንቀጹን ያሳጥረዋል። እኛ ያጠረውን እንደገና እናሳጥረዋለን። መጨረሻ ላይ ጭንቅላታችን ውስጥ የምትቀረው «ከ500 በላይ፣ ጽሑፍ» የምትል ናት። ለፈተና ትበቃለች። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተብሎ ይመጣል፣ ታከቡታላችሁ፣ ታልፋላችሁ። ሰው ፊታችሁ ቆሞ ሲጠይቃችሁ ግን የሚከበብ ነገር የለም።

ስለዚህ ሕጉን ራሱን ክፈቱት። በአማርኛ። ጮክ ብላችሁ። ንዑስ አንቀጾቹን አትዝለሉ። «ወይም» እና «ካልሆነ በቀር» የሚሉትን በእስክሪብቶ አክብቧቸው። ብዙ ጊዜ የሰው መብት ያለው እዚያ ነው። የሰበርን፣ የመጨረሻውን የሕግ ስህተት የሚያርመውን ችሎት፣ ውሳኔ የምታነቡም ውጤቱን ብቻ አይታችሁ አትዝጉት። ከ1997 ጀምሮ የሰበር የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያለውን ፍርድ ቤት ያስገድዳል፣ ግን ዳኞቹ እዚያ የደረሱበትን መንገድ ካላያችሁ ለየትኛው ጉዳይ እንደሚሆን አታውቁትም።

ጋሼን ታውቁታላችሁ። «ጋሼ ዛሬ ስንቴ አንብቢው አለሽ» እያላችሁ የምትቆጥሩበት ጋሼ። ሠላሳ ዓመት ጥብቅና ቆሟል። ግን ደንበኛ ሲጠይቀው መጽሐፉን ሳይገልጥ አይመልስም። መነጽሩን ያደርጋል፣ ያነባል፣ ጣቱን መስመሩ ላይ ያደርጋል፣ ከዚያ ነው አፉን የሚከፍተው። እኔ ይዘገያል ብዬ እቆጣ ነበር። በልቤ ማለቴ ነው። ስለ እማማ የነገርኩት ለእሱ ብቻ ነው። ዝም ብሎ ሰማኝ። «ስማቸውን ጠየቅሻቸው?» አለኝ። አልጠየቅኩም። ስልክም አልተቀበልኩም።

...

እቅድ። እሺ፣ እቅዱን ልንገራችሁ። ማስተርሱ አለ፣ ታውቁታላችሁ። ከልጆቹ ጋር የሕግ ድርጅት የመክፈቱ ነገርም አለ። ጠበቆች በድርጅት እንዲሠሩ የፈቀደው አዋጅ 1249/2013 ከወጣ ጀምሮ ስለ እሱ ሳወራችሁ ከርሜያለሁ፣ አልተውኩትም። ግን አሁን በእውነት የምፈልገው ሌላ ነው። ከመስከረም 1 ጀምሮ በቀን 10 አንቀጽ። ፍትሐ ብሔር፣ ከአንድ እስከ 3,367። 337 ቀን ይፈጃል። የሚተርፈው 28 ቀን ለምታመምበትና ለለቅሶ ይሁን።

አቅም ለሌለው በነፃ የመቆሙም ነገር አለ። የድሮው የጠበቆች ደንብ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ይል ነበር። እኔ የራሴን ደብተር ይዤ እቆጥራለሁ፣ ዘንድሮ ከዚያ በላይ ሠርቻለሁ። የእማማ ሁለት ደቂቃ ግን እዚያ ደብተር ላይ የለችም። የት ልጻፋት?

ይቅርታ። ውኃ ልጠጣ።

ሐረር ትዝ አለኝ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ከተመረቅን በኋላ ከለቡ በባቡር ድሬዳዋ፣ ከዚያ በሚኒባስ ሐረር የሄድን ጊዜ። ጁገል ውስጥ መኪና ግርግር የሚሉት ሰፈር አለ። ስሙ ከልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ ነው። ግራና ቀኝ ሰፊዎች ተደርድረው መንገዱ ሁሉ ግርርር ይላል። ጨርቅ ገዝቼ ለአንድ ሽማግሌ ሰፊ ቀሚስ አዘዝኩ። ቀብድ ልስጥ ብዬ ቦርሳዬን ከፈትኩ። ያኔ ቀብድ ላይ ቀብጬ ነበር። አንቀጽ 1883፣ ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። ተቀባዩ ውሉን ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ይህን ሁሉ እያብሰለሰልኩ እሳቸው «ቀብድ ምን ያደርጋል፣ ትመጪ የለ?» አሉኝ።

በማግስቱ ጅብ እናያለን ብለን ዞረን ዞረን፣ ስመለስ መሽቷል። ሰፈሩ ተዘግቷል፣ የእሳቸው ሱቅ ብቻ በሩ ገርበብ ብሎ መብራት ይታያል። ቀሚሱ ተጣጥፎ ጭናቸው ላይ ነው። ብሩን ሰጠኋቸው። ሳይቆጥሩ ኪሳቸው ከተቱት።

ልቆጥርላቸው ፈልጌ ነበር። ያን ቀሚስ ዛሬም እለብሰዋለሁ።

...

እሺ። ልድገመው። ቀስ ብዬ። ቅድም የዘለልኩት ነገር አለ።

«ወረቀት አለ?» ስላቸው እማማ ወዲያው አይደለም «የለም» ያሉት። እጃቸው መጀመሪያ ወደ ነጠላቸው ጫፍ ሄደ። ጫፉ ተቋጥሯል። መፍታት ጀመሩ። ነጠላው ስለረጠበ ቋጠሮው እምቢ አላቸው። ጣታቸው ይንቀጠቀጣል፣ ብርድ ይሁን ዕድሜ እንጃ። ጎንበስ ብለው በጥርሳቸው ያዙት። የፌስታል ጫፍ ታየኝ። ፌስታል የተጠቀለለ ነገር፣ ውስጡ ወረቀት። የእቁብ ደብተር ቅዳጅ ሊሆን ይችላል። የስልክ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ተበዳሪዋ የጻፈችው ነገርም ሊሆን ይችላል። «የምን መፈራረም» ያሉኝ ቋጠሮውን እየፈቱ ነው። እኔም «500 ብር» ያልኩት እየፈቱ ሳለ ነው። መልሰው አጠበቁት። በሁለት እጃቸው፣ ጥብቅ አድርገው።

ጃንጥላዬ እኔን ብቻ ነው የሸፈነው።

ሌላም አለ። «ሰዉ ያውቃል» ካሉኝ በኋላ አንድ ነገር ብለውኛል። እንደ ጨዋታ ነው የሰማሁት። ሰው ሆዱ ሲብሰው እንደሚጨምረው ነገር። «እሷ እኮ አትክድም ልጄ። የለኝም ነው የምትለው።»

አትክድም። የሕግ ሰዎች የሆናችሁ አሁን ገብቷችኋል። ክሱ ቢቀርብ ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው። ታምኛለሽ ወይስ ትክጃለሽ? ካመነች ምስክር ምን ያደርጋል? ወረቀት ምን ያደርጋል? እማማ የጉዳዩን ቁልፍ በአፋቸው ነግረውኛል፣ እኔ አልሰማሁም። የዳኝነት መክፈያ ቢያጡ በደሃ ደንብ መክሰስ ይችላሉ። የይርጋው፣ ማለትም የመክሰሻው፣ ጊዜም 10 ዓመት ነው፣ ያለፈው ሁለት ነው። ይህን ሁሉ ለመንገር አሥር ደቂቃ ይበቃኝ ነበር።

ግን ደግሞ... ጎረቤትየዋ ከየት ታመጣለች? «የለኝም» ስትል እውነቷን ከሆነስ? ሰፈሩ ሲነሳ ሁሉም በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል። ቡና አብረው የጠጡ ሁለት ሴቶችን ችሎት አቁሜ ምን ልፈይድ ነው? ምናልባት እማማ ያን ቀን ተመልሰው በሽማግሌ ጨርሰውት ይሆናል። ምናልባት የሚሻለው እሱ...

አይ። አይደለም። ይህን የምለው እንቅልፍ እንዲወስደኝ ነው። ቢከሱ ባይከሱ የእሳቸው ውሳኔ ነበር። እኔ ነኝ የወሰንኩላቸው።

ሦስት ጊዜ ሄጄ ፈልጌያቸዋለሁ። ነሐሴ ላይ አንድ ራፖር ጸሐፊ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ መልካቸውን ስነግራቸው «የኔ ልጅ፣ እርጥብ ነጠላ የለበሰች እናት በቀን ስንት ትመጣለች መሰለሽ» አሉኝ። አሁን ደግሞ ለአስቸኳይ ጉዳይ ካልሆነ ዝግ ነው። ደረጃው ላይ ሰው የለም። ትናንት በዚያ ሳልፍ ጥበቃው «እህት፣ ዕረፍት ላይ ነው እኮ» አለኝ። «አውቃለሁ» አልኩት። ትንሽ ቆምኩ።

ሲከፈት እሄዳለሁ። ካባውን ክንዴ ላይ አድርጌ፣ በዚያው ሰዓት። በካባው ነው ያወቁኝ። ግን ለምን ይመለሳሉ? «አይሆንም» ተብለዋል እኮ። በጠበቃ።

የምትሰሙ ካላችሁ፣ እናታችሁ ወይም አክስታችሁ ሐምሌ ላይ ልደታ ሄደው የነበረ ከሆነ፣ 30 ሺህ ብር፣ እቁብ... ጻፉልኝ። ጃንጥላዋ አረንጓዴ ነበር በሏቸው።

ዝናቡ ቆመ እንዴ? ቆየት ብሏል መሰለኝ፣ አላስተዋልኩትም።

ፌስታሉ ሰማያዊ ነበር። ሰማያዊ ይመስለኛል። ወይ ደግሞ...