ነብሩን ማን ወሰደው? የእንግሊዝኛ ፈሊጦችና እንስሶቻቸው

እንደምን ሰነበታችሁ፣ ወዳጆቼ! ዛሬ እንስሳት ይዤ መጥቻለሁ። በእንግሊዝኛ ፈሊጥ ውስጥ የሚኖሩትን ማለቴ ነው፤ ድመቱን፣ ውሻውን፣ አዞውን፣ አንበሳውን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ነብሩን። ነብሩን በጣም ስለምወደው ረዘም ያለ ጊዜ እንሰጠዋለን።

መጀመሪያ ፈጠን ፈጠን እንበል። ፈሊጥ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። እኛም «ጆሮ ጠቢ» ስንል ጆሮ የሚጠባ ሰው የለም። እንግሊዞችም «ድመትና ውሻ እየዘነበ ነው» ሲሉ ዶፍ ወረደ ማለታቸው ነው። «ድመቱን ከከረጢቱ አወጣው» ሲሉ ምስጢሩን አወጣው። «ፈረሶችህን ያዝ»፦ ቆይ፣ አትቸኩል። «ክፍሉ ውስጥ ያለው ዝሆን»፦ ሁሉም እያየው ማንም ሊያነሣው የማይደፍረው ጉዳይ። «የቤተሰቡ ጥቁር በግ»፦ ወገኖቹን ያሳፈረ ልጅ።

በጉ ላይ አንድ አፍታ እንቁም። ነጭ ሱፍ የሰጡትን ቀለም ሁሉ ይቀበላል፤ ጥቁር ሱፍ ግን አይቀለምም። ስለዚህ ከነጭ መንጋ መካከል ጥቁር ሆኖ የተወለደ በግ ሱፉ ብዙ ዋጋ አያወጣም ነበር። የእኛ ሰው ለፋሲካ በግ ሲገዛ ደግሞ ወገቡን ጨብጦ፣ ላቱን በእጁ መዝኖ ነው። ለዚህ ነው «ጥቁር በግ» የሚለውን ቃል በቃል ብንተረጉመው ስድቡ የማይሰማን። እንስሳው አንድ ነው፤ ገበያው ግን ሌላ ነው።

ስለ ድመትና ውሻው ዝናብም አንድ ነገር ልበል። ድሮ እንስሳቱ ሣር ክዳኑ ላይ ይተኙ ነበር፣ ዝናብ ሲመጣ እያንሸራተተ ያወርዳቸው ነበር የሚል ታሪክ በኢንተርኔት ይዞራል። አትመኑት። ሣር ክዳን ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ያውቃል፤ ሰማዩ ሲጠቁር ድመት ምድጃ ዳር ገብታ ትጠቀለላለች እንጂ ጣራ ላይ አትወጣም። አባባሉ በደራሲው በጆናታን ስዊፍት ጽሑፍ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1738 ይገኛል፤ ከእሱ በፊትም ተመሳሳይ አባባል የጻፉ ነበሩ።

አሁን ወደ ነብሩ። ወደ ነብሩ እንምጣ!

«ነብር ነጠብጣቡን አይለውጥም» ይላሉ እንግሊዞች። ሥር የሰደደ ጠባይ አይነቀልም ማለታቸው ነው። ታዲያ ይህን ከየት አመጡት? ከትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 13፣ ቁጥር 23። መጽሐፍ ቅዱስ አጠገባችሁ ካለ ግለጡት፦ «በውኑ ኢትዮጵያዊ መልኩን ወይስ ነብር ዝንጉርጉርነቱን ይለውጥ ዘንድ ይችላልን?» አያችሁ? እንግሊዝኛው ግማሹን ይዞ ሄደ። ነብሩ ተጓዘ፣ ኢትዮጵያዊው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ኢትዮጵያዊውንም ነብሩንም ጎን ለጎን አስቀምጧቸው ነበር፤ በዕለት ንግግር ግን የተረፈው ነብሩ ብቻ ነው። ይህን ባነበብሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፣ ትንሽም ይቆጨኛል።

ቃሉንም ስሙት። በዕብራይስጥ ናሜር፣ በዐረብኛ ኒምር፣ በግዕዝ ነምር፣ በአማርኛ ነብር። አንድ ቃል ነው፤ አንድ ቤተሰብ!

እኛስ ለዚህ ሐሳብ ምን አለን? ድመቷ አለችን። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ።» እስኪ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የእንግሊዙ ነብር ምንም አላደረገም። እንደተወለደ አለ፤ የሚመሰክርበት ቆዳው ነው። የእኛዋ ድመት ግን ወስናለች። ዓለም በቃኝ ብላለች። ቆብ ደፍታለች፣ መቁጠሪያ ይዛለች፣ ዓይኗን ወደ መሬት ሰብራለች። ጎረቤቱ ሁሉ «ተለወጠች» ብሎላታል። ከዚያ በግድግዳው ሥር አንዲት አይጥ ሽው ትላለች… አለቀ! ቆቡም መቁጠሪያውም ተረሳ።

ልዩነቱ ገባችሁ? ነብሩ አልሞከረም፤ ድመቷ ሞክራለች። ስለዚህ ስትተረጉሙ ተጠንቀቁ። ሰውዬው እንደ ትናንቱ ዛሬም ያው ከሆነ ነብሩ ይበቃዋል። ተጸጽቻለሁ፣ ትቻለሁ ብሎ፣ ምሎ ተገዝቶ ተመልሶ ከገባበት ግን ድመቷን ጥሩ። ለእኔ የእኛው ይበልጣል፤ አራት ቃል፣ ቤት የሚመታ፣ ውስጡ ሙሉ ታሪክ ያለው።

እዚህ ላይ የብዙዎቻችሁን መልእክት ማንሣት አለብኝ። ባለፈው ነብሩን ጠቀስ ሳደርግ «ነብር ታይገር ነው፤ ሌፐርድ ማለት አቦ ሸማኔ ነው» ብላችሁ ጻፋችሁልኝ። አይደለም፣ ወዳጆቼ። አይደለም! ታይገር የእስያ እንስሳ ነው፤ ሕንድ፣ ሱማትራ፣ የሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ። ቆዳው ላይ ያለው ነጠብጣብ ሳይሆን ሰንበር ነው። በአፍሪካ ዱር ኖሮ አያውቅም። አባቶቻችን «ነብር» ብለው ስም ያወጡለት በገደሉና በጫካው የሚያውቁትን፣ ፍየላቸውን የሚነጥቃቸውን ሌፐርድን ነው። አቦ ሸማኔ ደግሞ ሌላ ነው፤ ቀጠን ያለ፣ ሜዳ ላይ ሯጭ፣ ከዓይኑ እስከ አፉ እንደ እንባ የወረደ ጥቁር መስመር ያለው። የአቦ ሸማኔ ነጠብጣብ ድፍን ነው፤ የነብር ግን መሐሉ ክፍት ሆኖ እንደ አበባ ዙሪያውን የተከበበ ነው። ጥቁሩን ነብር እንኳ ፀሐይ ላይ ልብ ብላችሁ ብታዩት ያ አበባ ከጥቁረቱ ሥር ይታያል።

ግራ መጋባቱ ከየት መጣ? አንዱ መንገድ ሌላ ፈሊጥ ይመስለኛል። የቻይናው ኮሚኒስት መሪ ማኦ ዜዱንግ እ.ኤ.አ. በ1946 ለአንዲት አሜሪካዊት ጋዜጠኛ አቶሚክ ቦምብ የወረቀት ታይገር ነው ብሎ ነበር፤ ሲያዩት የሚያስፈራ፣ ውስጡ ባዶ ማለቱ ነው። ወደ አማርኛ ሲገባ «የወረቀት ነብር» ተባለ። ታይገር የራሱ ስም ስላልነበረው የነብራችንን ስም ለበሰ። እናንተም ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ «ታይገር ነጠብጣቡን አይለውጥም» ብትሉት የትኛው ነጠብጣብ ብሎ ይጠይቃችኋል!

እስካሁን ካልተቀላቀላችሁን ቻናሉን ተቀላቀሉ፣ ደወሏንም ተጫኑ፤ ለእንግሊዝኛ ተማሪ ልጆቻችሁም አጋሩልኝ።

አንበሳውና አዞው አማርኛ ከገቡ ቆይተዋል። «ቡና ከወጪ ንግዱ የአንበሳውን ድርሻ ይይዛል» ሲባል ትልቁን ድርሻ ማለት ነው። አባባሉ በመጣበት በጥንታዊው ግሪካዊ በኤዞፕ ተረት ውስጥ ያለው አንበሳ ግን አደኑን አራት ቦታ ከፍሎ አራቱንም ወሰደ! «የአዞ እንባ» ደግሞ የውሸት ለቅሶ ነው። አዞ እንባ አለው፤ ፍሎሪዳ ውስጥ የአዞ ዘመዶች ሲበሉ ዓይናቸው እንባ እንደሚያቀርር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት ገልጸዋል። ሐዘኑን የጨመርንላቸው እኛ ነን።

በሚቀጥለው ፈረስ ነው። እንግሊዞች «በስጦታ ያገኘኸውን ፈረስ አፉን ከፍተህ አትይ» ይላሉ፤ የፈረስ ዕድሜ በጥርሱ ይታወቃልና። አያት ያላችሁ ዛሬውኑ ጠይቁልኝ፦ ገበያ ላይ የፈረስ ወይም የበቅሎ ጥርስ ሲታይ መጀመሪያ የሚታየው የትኛው ነው? የነገሯችሁን በቃላቸው እንዳለ ጻፉልኝ፤ በሚቀጥለው ቪዲዮ አነባለሁ።