ከፑንታው በፊት ማያያዣው

የተከበራችሁ መምህራን፣ የቧንቧ ሥራ ሠልጣኞች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤

በእጄ የያዝኩትን ይህን ክብ መስታወት ተመልከቱት። ውፍረቱ 10 ሚሊሜትር ነው፤ ስፋቱ ከቡና ሲኒ አፍ ያንሳል። ከብዙ ዓመታት በፊት ከአንዲት እናት የዓሣ ገንዳ ላይ ቆርጬ ያወጣሁት ነው። ከመሣሪያ ሳጥኔ አውጥቼው አላውቅም፤ ዛሬ ግን ላሳያችሁ ይዤው መጣሁ።

ገንዳው 120 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ 50 ሴንቲሜትር ወርድ፣ 50 ሴንቲሜትር ቁመት ነበረው። እኒያ እናት ወርቃማ ዓሦቻቸውን ሳሎን ውስጥ እንደ ልጅ ነበር የሚንከባከቧቸው። ሥራው መስታወቱን በስቶ የውሃ መውጫ ማበጀት ነበር። ቀላል መስሎ ታየኝ፤ ውሃው ከላይኛው ገንዳ በቱቦ ወርዶ ከሥር ባለ ማጣሪያ ገንዳ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ፓምፕ መልሶ ይገፋዋል። ሳጥኔ ውስጥ የነበረው የአልማዝ ፑንታ፣ መስታወት የሚበሳው ክብ መብሻ፣ የ40 ሚሊሜትር ስለነበረ በእርሱ በሳሁ። ቀዳዳው ያማረ ነበር። በማግስቱ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ቱቦውን ከገንዳው ጋር የሚያገናኘውን ማያያዣ ገዝቼ ስመጣ አንገቱ አልገባም። ለካሁት፤ 43 ሚሊሜትር ሆነ። ሦስት ሚሊሜትር ምን አላት ብዬ በ45 ፑንታ ላሰፋው ሞከርኩ። ክብ ፑንታ መሃሉ ባዶ ነው፤ የተበሳ ቀዳዳ ላይ የሚይዘው ነገር የለም። ሸርተት አለና የቀዳዳውን አፍ መታው። ስንጥቁ እስከ ገንዳው ማዕዘን ሲሄድ በዓይኔ አየሁት።

እኒያ እናት አልተቆጡኝም። «ደክመሃል፣ ቡና ጠጣ» አሉኝ። መስታወቱን በራሴ ገንዘብ ተክቼ ገንዳውን እስክመልስላቸው ድረስ ዓሦቹ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ከረሙ። ያን ቡና የጠጣሁበትን ኀፍረት ከእናንተ ማንም እንዲቀምሰው አልፈልግም። ዛሬ የመጣሁትም ለዚህ ነው፤ መጀመሪያ ማያያዣውን ግዙ፣ በእጃችሁ ይዛችሁ ለኩት፣ ፑንታውን ከዚያ በኋላ ምረጡ። «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚለውን ከአናጢዎች ሰምታችኋል። እንጨት ግን ቢሳሳቱበት ይቀጠላል።

ማያያዣው ለእናንተ እንግዳ ዕቃ አይደለም። ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ ውሃ የምታወጡበት ዓይነት ነው፤ ሰፊ ከንፈር አለው፣ ጥርስ ያለው አንገት አለው፣ ውሃ የሚይዝ የጎማ ቀለበት ማለትም ጓርኒሲዮን፣ አንገቱ ላይ ዞሮ የሚጠብቅ ዳዶም አለው። ልዩነቱ የሚያርፍበት ግድግዳ ነው። ፕላስቲክ ይታገሣል፤ ቀዳዳው ጥቂት ቢጣመም ይለጠጣል፣ ዳዶው ከልክ በላይ ቢጠብቅም ጎበጥ ብሎ ይቀበላል። መስታወት አይጎብጥም። ችሎ ችሎ በአንድ ጊዜ ይሰነጠቃል፣ አንዳንዴም እናንተ ዕቃችሁን ሰብስባችሁ ከሄዳችሁ በኋላ።

አሁን ወደ ልኩ እንምጣ፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ማያያዣው ላይ «1 ኢንች» ተብሎ ተጽፏል። 1 ኢንች 25.4 ሚሊሜትር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን የ1 ኢንች የቧንቧ ጥርስ ከውጭ ሲለካ 33 ሚሊሜትር አልፎ ይገኛል። ጽሑፉ የቧንቧው መጠሪያ ስም እንጂ ልኩ አይደለም። በመስታወቱ ውስጥ የሚያልፈው የማያያዣው አንገት ደግሞ ከዚያም ይወፍራል። ለ1 ኢንች ማያያዣ የሚያስፈልገው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ 44 ወይም 45 ሚሊሜትር ነው፤ ግድግዳቸው ወፍራም የሆኑት ዓይነቶች የበለጠ ይፈልጋሉ። ሁለት ፋብሪካዎች በአንድ ስም ሁለት ዓይነት አንገት ይሠራሉ። ስለዚህ አንገቱን ውፍረት በሚለካው መሣሪያ፣ በካሊፐር፣ ለኩ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊሜትር ጨምሩ፤ የፑንታችሁ ስፋት እርሱ ነው። አንገቱ ቀዳዳውን ጠብቆ መንካት የለበትም፤ ቱቦው ሲገፋው ግፊቱ በቀጥታ የመስታወቱን ጠርዝ ያገኛልና። ከንፈሩንም ለኩ፤ ጓርኒሲዮኑ በቀዳዳው ዙሪያ ሁሉ ጤነኛ መስታወት ላይ ማረፍ አለበት።

ከአሜሪካ በሻንጣ ስለሚመጣው ዕቃ ለብቻው መናገር አለብኝ። ዘመድ ለዓሣ ወዳጅ ዘመዱ ጥሩ ማያያዣ ይዞ ይመጣል፤ ፍቅር ነው፣ ዕቃውም ጥራት አለው። ነገር ግን የአሜሪካ ጥርስና እኛ የለመድነው የእንግሊዝ ጥርስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የእንግሊዙ ጥርስ ማዕዘን 55 ዲግሪ ነው፣ የአሜሪካው 60። በ1 ኢንች ላይ የእንግሊዙ በአንድ ኢንች ርዝመት 11 ጥርስ ሲኖረው የአሜሪካው 11 ተኩል አለው፤ ስለዚህ ጥቂት ዞሮ ይነክሳል፣ ስህተቱንም ወዲያው ታውቃላችሁ። እኔ የምፈራው ግማሽ ኢንችንና 3/4 ኢንችን ነው። በሁለቱ ልኮች የእንግሊዙም የአሜሪካውም ጥርስ ቁጥር እኩል 14 ነው። ሳይቸግር ይገባል፣ ይጠብቃልም። ከዚያ በሦስተኛው ቀን አንዲት ጠብታ ከታች ታያላችሁ። ቴፍሎን ብትጠቀልሉበትም ችግሩ ይዘገያል እንጂ አይቀርም።

የሚጣበቀው ፒቪሲም እንዲሁ ነው። በሚሊሜትር የሚሸጠው ቧንቧ 32 ሲሆን የአሜሪካው 1 ኢንች ቧንቧ የውጭ ስፋቱ 33.4 ነው። የ32ቱን ቧንቧ በአሜሪካው ማያያዣ ውስጥ ብትከቱት ይወዛወዛል። ሙጫ ይሞላዋል ብላችሁ እንዳትታለሉ። የፒቪሲ ሙጫ ሁለቱን ፕላስቲኮች አለስልሶ እርስ በርስ የሚያዋህድ ነው፤ ካልተነካኩ የሚያዋህደው የለም። ከመስታወቱ እስከ ፓምፑ አንድ ዓይነት ልክ ተከተሉ። መቀላቀል ግድ ከሆነ ደግሞ ለመሸጋገሪያ የተሠራውን ዕቃ ፈልጉ፣ ካልተገኘም ሥራው ይቆይ።

መስታወቱ ሊበሳ የሚችል መሆኑን ካላወቃችሁ ትራፓኖውን፣ የመብሻ ማሽኑን፣ አታንሱ። ቴምፐርድ መስታወት አይበሳም። ከ600 ዲግሪ በላይ ሞቆ በአየር በድንገት የቀዘቀዘ ነው፤ ላይ ላዩ ታምቆ ውስጡ ተወጥሮ ይኖራል፣ ፑንታው ያን ቆዳ ሲያልፍ ሙሉው ወደ ጠጠር ይለወጣል። ከውጭ ተሠርተው በሚመጡ ገንዳዎች ጎኑ ተራ ሆኖ ወለሉ ብቻ ቴምፐርድ ሊሆን ይችላል። መለየት ቀላል ነው። የኮምፒውተር ስክሪን ላይ ነጭ ገጽ ክፈቱና መስታወቱን ከፊቱ አድርጉት፣ ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር አጥልቃችሁ ስክሪኑ እስኪጨልም ድረስ ራሳችሁን አዘንብሉ። ተራ መስታወት ወጥ ሆኖ ይጨልማል። ቴምፐርድ ከሆነ ነጠብጣብ ወይም የቀለም ጥላ ይታይበታል። እዚሁ የሚሠራ ገንዳ ከሆነ ማረጋገጫው ከዚህም ይቀልላል፤ ባለ መስታወቱ ፊት ለፊታችሁ ቆርጦ ከሰጣችሁ ቴምፐርድ አይደለም፣ ቴምፐርድ ከተሠራ በኋላ አይቆረጥምና። እንዲህ ያለውን ገንዳው በሲሊኮን ከመገጣጠሙ በፊት፣ ጠረጴዛ ላይ አጋድማችሁ ብሱት። ከቀዳዳው አፍ እስከ መስታወቱ ጠርዝ ቢያንስ የቀዳዳውን ስፋት ያህል ተዉ።

አበሳሱ ትዕግሥት ነው። የትራፓኖውን የመዶሻ ምት ዝጉ፤ የግንበኛ እጅ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚረሳው ይህን ነው። ለ45 ፑንታ በደቂቃ ከ300 እስከ 600 ዙር ይበቃል። በጀርባው በኩል ፕላስተር ለጥፉ፣ ተቆርጦ የሚወጣው ክብ ሲወድቅ የቀዳዳውን አፍ ይዞ እንዳይሰነጥቅ። በፊቱ በኩል ያልደረቀ የመስኮት ስቱኮ ዙሪያውን አድርጋችሁ ትንሽ ኩሬ ሥሩና ውሃ ሙሉ። የተበሳ ሳንቃ እንደ ልክ ማሳያ አሥራችሁ ፑንታውን በእርሱ ውስጥ ብታስጀምሩት አይሸራተትም። ከዚያ የትራፓኖው ክብደት ይሥራ፤ እናንተ አትጫኑ። ውሃው እንደ ወተት ይነጣል፣ ለውጡት። 10 ሚሊሜትር መስታወት 10 ደቂቃ ቢፈጅ አይግረማችሁ። ሊያልቅ ሲል ድምፁ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ እጃችሁን ጨርሶ አቅልሉ። መነጽርና ጓንት ግዴታ ነው፣ ዱቄቱም ሳይደርቅ መታጠብ አለበት። ውሃና 220 ቮልት ባሉበት ቦታ እኔ በባትሪ የሚሠራ ትራፓኖ ብቻ ነው የምጠቀመው፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

ማጥበቅ ላይ አንድ ስሌት ላካፍላችሁ። 50 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ በ45 ሚሊሜትር ቀዳዳ ላይ የሚገፋው ከ800 ግራም አይበልጥም፤ ገንዳው ቢረዝምም ቢሰፋም ያው ነው፣ ግፊትን የሚወስነው ጥልቀት ነውና። ከአንድ ኪሎ ስኳር ያነሰ ማለት ነው። ታዲያ መስታወቱን የሚሰብረው ማን ነው? መፍቻ የያዘ እጃችን፣ ሳይደገፍ የተንጠለጠለ ቱቦ፣ በግድ የተጎተተ ጎሚቶ፣ ማለትም የቧንቧ መታጠፊያ። ከንፈሩ በውሃው በኩል ይሁን፣ ጓርኒሲዮኑ ከከንፈሩ ሥር፣ ዳዶው በውጭ። በእጃችሁ አጥብቁና ሩብ ዙር ጨምሩ። ሲሊኮን አትቀቡ፣ በአንገቱ ጥርስ ላይም ቴፍሎን አታዙሩ፤ ውሃውን የሚይዘው ጓርኒሲዮኑ ነው። ቱቦው ክብደቱን የሚያሳርፍበት የራሱ ድጋፍ ይኑረው።

መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆንም አስቀድማችሁ አስቡ፤ በእኛ አገር ይህ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ብቻ አይደለም። ፓምፑ ሲቆም ውሃው በመመለሻው ቱቦ በኩል ወደ ኋላ ይሳባል። የቱቦው አፍ ከውሃው ገጽ 3 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ከሆነ ከእኒያ እናት ገንዳ 18 ሊትር ይወርዳል። 15 ሴንቲሜትር ከሆነ 90 ሊትር ነው፤ የታችኛው ገንዳ ያን የሚይዝ ባዶ ቦታ ከሌለው ምንጣፉ ላይ ነው የሚያርፈው። አፉን ከገጹ አታርቁ። መውረጃውን ደግሞ ከመመለሻው አስፉት፣ አንዱ በቅጠል ወይም በቀንድ አውጣ ቢዘጋ ሁለተኛው እንዲደርስ ሁለት ቀዳዳ አድርጉ።

ሥራው ሲያልቅ ገንዳውን ሙሉና ከማያያዣው ሥር ደረቅ ጋዜጣ አንጥፉ። አንድ ቀን ሙሉ ይቆይ። ጋዜጣው ላይ አንዲት የእርጥበት ክብ እንኳ ካያችሁ ዓሣ አይገባም።

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ማያያዣዎች አስቀምጫለሁ፤ ሦስቱም ላይ «1 ኢንች» ተጽፏል። ካሊፐሩም እዚያው አለ። ተራ በተራ ኑና የእያንዳንዱን አንገት ለክታችሁ የቀዳዳውን ስፋት ወረቀት ላይ ጻፉ። ፑንታዎቹ ያሉበትን ሳጥን የምከፍተው ወረቀቶቹን ካየሁ በኋላ ነው።